ጳጉሜን የዘለለችው ትርንጎ

በ2016 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው ነገሩ የሆነው። ትርንጎ ያረፈችው ግን ዘንድሮ ነው፤ በነቢያት ጾም። ቤተ ማርያም አስቀድሼ ስወጣ ሴቶች የድንጋዩን ግድግዳ ተጠግተው ስሟን ዝቅ አድርገው ሲጠሩ ሰማሁ። የሕያው ሰው ስም እንደዚያ አይጠራም። ማንንም አልጠየቅሁም። የነጠላዬን ጥለት ወደ አንገቴ አዙሬ ወደ አባቷ ቤት ሄድሁ።

ለሕክምና አዲስ አበባ ከወረደች ሁለት ወር ሆኗት ነበር። ሳል ነው ስንል የከረምነው ሳል ብቻ አልነበረም። አስከሬኗ መጥቶ እዚሁ ተቀበረች። ሰው ሁሉ ስለ እሷ የሚያውቀውን ሲያወራ እኔ ዝም አልሁ፤ መናገር አይሆንልኝም። አሁን ቤቱ ጸጥ ሲል ልጻፈው ብዬ ነው።

ትርንጎ የመሪጌታ ይባቤ ልጅ ናት። ከእኛ ቤት በላይ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ አፋፍ ላይ ነው ቤታቸው። አባቷን ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። መጽሐፍ ተርጓሚ ናቸው፤ ከአገሩ ካህናት እሳቸው እግር ሥር ያልተቀመጠ ጥቂት ነው። እሷ አዲስ አበባ ተምራ፣ እዚያው ብዙ ዓመት ሠርታ፣ እናቷ ሲሞቱ የኔታን ብቻቸውን አልተውም ብላ ተመለሰች። ባል አላገባችም። መንደሩ ይህን ሲያወራ ቆይቶ ሰለቸውና ተወው።

ሥራዋን ግን የሚያውቅላት አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለች። አንዷ ጎረቤት ለፈረንጆች ሆቴል ትይዛለች አለችኝ፤ ሌላዋ ፊልም ትቆራርጣለች አለች። ራሷ ስትጠየቅ፣ እኔም እንደ አባቴ ተርጓሚ ነኝ ትላለች። ሰዉ ቀልድ ይመስለዋል። ሥራ ልትጀምር ስትቀመጥ ጫማዋን ታወልቃለች፤ ዝናብ ቢሆን፣ ብርድ ቢሆን። የኔታ አንድ ቀን ይህ ሣጥን ታቦት አለበት ወይ ብለው ጠየቋት አሉ። እግሬ ሲነፍስበት ጭንቅላቴ ይከፈታል ብላ መለሰችላቸው።

እኔ ደጇን የረገጥሁት በልጄ ምክንያት ነው። ሰናይት በሕፃንነቷ ታማ የዓይኗ ብርሃን ጠፍቷል። ፈቃዱ ነው። ከትምህርት ግን አልቀረችም። አንደኛ ደረጃ በተማረችበት ትምህርት ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር፤ በውስጡም አማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም። ድምፁ የሴት ነው። ሲከፈት መጀመሪያ ቀኑን ይናገራል፤ ዛሬ ሚያዝያ ይህን ያህል ነው ይላል። ከዚያ የተሰጠውን ያነባል። ሰናይት ድምፂቱን “እሷ” ነበር የምትላት። ማጉያው ሲያስቸግር፣ እማ፣ እሷ ዛሬ ጉንፋን ይዟታል ትለኛለች። ታሪኩንም፣ ሳይንሱንም፣ መዝሙረ ዳዊትንም ከእሷ አፍ ነው የሰማችው።

ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰች መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ መጣና ያ ኮምፒውተር ተቃጠለ። በበጎ አድራጊዎች የተሰጡ ትንንሽ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ለሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት መጥተው ነበር። ጠዋት ኃይል ከሞሏቸው ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፤ መብራት ቢሄድም አይጠፉም። ፕሮግራሙን ከተቃጠለው ውስጥ አውጥተው ጫኑባቸው። አልተናገረም። የእነዚህ ፕሮሰሰር ሌላ ዓይነት ነው፤ ስልክ ውስጥ እንዳለው ነው ተባለ። የአሮጌውን ቋንቋ አይሰሙም። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ደግሞ ዐርፏል።

የሁለተኛ ደረጃው ርእሰ መምህር፣ መምህር ደጀኔ፣ ቢሮው አስገብቶ አስቀመጠኝ። ለዓይነ ስውር የሚሆን መምህር የለኝም አለ። ክፍሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የሚያነብላት ማሽን ካለ እቀበላታለሁ፤ ከሌለ ግን ከደሴም አልፎ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፣ እዚያ ትሂድ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ አለ። በክፋት አልነበረም። እውነቱን ነው። ሰናይት ግን ከእኔ ርቃ አድራ አታውቅም። መንገዱም ያኔ አንድ ቀን ቢከፈት ሌላ ቀን የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። ልጄ ከሄደች መቼ እንደምትመለስ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። እስከ መስከረም ምዝገባ ጊዜ ሰጠኝ።

ሰኔ ነው። ጉሙ ከአሸተን ወርዶ መንገዱን ውጦታል። ሰናይትን ይዤ ወደ ትርንጎ ቤት ስወጣ እኔ የማየው ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ትሄዳለች። ትርንጎ ጉዳያችንን ሰማች። ስለ ማሽኑ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ወደ ሰናይት ዞራ ድምፂቱ ምን እንደምትመስል ጠየቀቻት።

“ምሳ የበላች ሴት ትመስላለች” አለች ሰናይት። “አትቸኩልም።”

ትርንጎ ሳቀች። ፕሮግራሙን አምጡልኝ አለች።

ምን እንደምትሠራ የገባኝ በኋላ ነው፤ እሷም በትዕግሥት ነው ያስረዳችኝ። ፕሮግራም ሲጻፍ ሰው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፋል፤ ያ እህሉ ነው። ከዚያ ለአንድ ዓይነት ማሽን ይፈጫል። ሰውዬው ሲሞት እህሉ የት እንደገባ አልታወቀም። በእጃችን ያለው ዱቄቱ ነው፤ ዱቄት ደግሞ ወደ ገብስነቱ አይመለስም። ስለዚህ ዱቄቱን እንደ ዱቄት ማንበብ፣ አዲሱ ማሽን በሚሰማው ቋንቋ መልሶ መጻፍ ነው ያለው መንገድ።

“ሁለት ዓይነት ተርጓሚ አለ፣ የሰናይት እናት” አለችኝ። “አንዱ አስጎብኚ ነው። ቄሱ ሲናገሩ አፋቸውን እያየ ለፈረንጁ ይተረጉማል። ሌላው እንደ የኔታ ነው። ተቀምጦ መጽሐፉን ጨርሶ ይተረጉማል፤ አንባቢው ሲመጣ ሥራው አልቋል።”

የመጀመሪያውን ሞክራዋለች። ማሽኑ እየሠራ እግር በእግር ይተርጎም ብላ ነበር። ነገር ግን ትንሿ ኮምፒውተር አቅም የላትም፤ ድምፂቱ አንድ ፊደል ተናግራ ትንፋሽ ያጥራታል፣ አሸተን ዳገት ላይ እንዳለ እንግዳ። ስለዚህ ሁለተኛው ሆነ። ችግሩ፣ አስጎብኚው ቃሉን ከሰውዬው አፍ ነው የሚቀበል፤ ተቀምጦ የሚተረጉመው ግን ቃሉ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ፣ ከየት ወደ የት እንደሚዘል ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ያላገኘው ቦታ ሳይተረጎም ይቀራል።

የኔታ ከመደባቸው ላይ ሆነው፣ አስጎብኚም ይስታል አሉ። “ትናንት አንዱ ቅዱሱን ንጉሥ ድንጋይ ነጋዴ ሲያደርጋቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።”

ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ ወጣን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የሰው ድምፅ አይሰማም፤ ሲያባራ ደግሞ ጉሙ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ትርንጎ ባዶ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። የኮምፒውተሯ ፊት ላይ ቁጥር በቁጥር ይወርዳል። እኔ ጥጥ ይዤ እፈትላለሁ። ሰዓቱ አይታወቅም ነበር። አንዳንዴ የማላውቀው አገር ውስጥ በእንቅልፌ የተቀመጥሁ ይመስለኝና የሰናይትን እጅ እነካለሁ።

ትርንጎ ስትሠራ ለራሷ ታነበንባለች። ዱቄቱ ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ለማሽኑ የተሰጠ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፤ እንደገና ያው ቁጥር የድምፅ ቅንጣት ወይም የፊደል ምልክት ሊሆን ይችላል። ሲያዩት ልዩነት የለውም። እሷም እንደ አባቷ ጉባኤ ትተረጉመዋለች። ይህ ትእዛዝ ነው፤ አንድም ድምፅ ነው፤ አንድም ባዶ ቦታ መሙያ ነው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ምን እንደምታወራ አያውቁም፤ ዜማው ግን የራሳቸው ነው። ዝም ስትል፣ “አንድምስ?” ይሏታል። እሷም አንዳንዴ ሌላ ታገኛለች። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ይህን ሰምተው እመት አንድም ብለው ስም አወጡላት። ደስ ይላት ነበር።

ስትቸገር መዳፏን ኮምፒውተሩ ላይ ትዘረጋለች፣ ልጅ አተኮሰው እንደሆነ እንደምትዳስስ እናት። ያኔ ማንም አያናግራትም።

አንድ ቀን ተሰላችቼ፣ ያንቺ ኮምፒውተር የአሮጌው ዓይነት አይደል፣ እሱን ስጪንና ተገላገይ አልኋት። ባትሪው ሞቷል አለችኝ፤ መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ማሽን ለልጅሽ ምን ያደርግላታል? በፈተና መሐል ጨለማ ውስጥ ትቷት ይሄዳል። ለመፈተኛ ግን ተጠቀመችበት። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጣ አንዱን ማዳመጫ በሰናይት ግራ ጆሮ፣ ሌላውን በቀኟ ታደርጋለች። ሁለቱም አንድ መዝሙር ያነባሉ። ሁለቱ ሲለያዩ ሰናይት እጇን ታነሣለች።

“የቀኟ ‘አቤቱ’ ላይ ትቸኩላለች፣ እትዬ።”

ትርንጎ ተመልሳ ትገባለች፤ ትፈልጋለች፤ ታገኛለች። ልጄ በሁለቱ ድምፆች መሐል ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ፊቷ እንደ ቅዳሴ ሰዓት ሆኖ ሳየው ልቤ ይሞላ ነበር። የማመሰግንበት ቃል አላገኝም። ጥጤን እፈትላለሁ።

በፍልሰታ ወደ ቤተ ክርስቲያን አብረን ወረድን። ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው የሚወስደው የድንጋይ ዋሻ ጨለማ ነው፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ በልማድ ያለ መብራት ነው የሚታለፈው። ትርንጎ በዚያ ካለፈች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበርና መሐሉ ላይ ቆመች። ከኋላችን ሰዎች ይገፋሉ። ሰናይት ተመልሳ እጇን ይዛ ግድግዳው ላይ አስቀመጠችላት።

“ቀስ በይ እንጂ አትቁሚ፣ እትዬ። ከኋላሽ ሰው አለ።”

ብርሃኑ ጋ ስንደርስ ትርንጎ ዓይኗን እያሸች ቆየች።

ፍልሰታ ተፈትቶ ጥቂት እንደቆየ ሥራው አለቀ አለች። ትንሿን ኮምፒውተር ለሰናይት ሰጠቻት። ድምፂቱ ዛሬ ነሐሴ ይህን ያህል ነው አለች። ያቺው ናት። ሰናይት አቅፋት ቤታችን ይዛት ገባች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ጠዋት ቀኑን የሚነግረን እሷ ሆነች። ለመምህር ደጀኔ ላክሁበት። ጳጉሜ ሁለት ቅዳሜ ጠዋት አምጪያት፣ ማሽኑን ልየው፣ ከዚያ እመዘግባታለሁ አለ።

በጳጉሜ አንድ ጠዋት ሰናይት ከፈተችው። ዝም አለ። ዘግታ ከፈተችው። ዝም አለ።

“እማ፣ እሷ የለችም” አለችኝ።

በዝናብ ሮጥን። ትርንጎ ያን ሰሞን ሳሉ ብሶባት በጋቢ ተጠቅልላ ነበር። ኮምፒውተሩን ተቀብላ ተመለከተች። መዳፏን ዘረጋች። ከዚያ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ።

ነገሩ ይህ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ለየወሩ አንድ በር አለ። ሲከፈት ቀኑን አይቶ የወሩን በር ያሰላና ዘልሎ ይገባል። የትኛው በር የት እንዳለ በዱቄቱ ላይ አልተጻፈም፤ ሲሠራ ብቻ ነው የሚገለጠው። ትርንጎ በሮቹን ለማግኘት አሮጌውን ማሽን ከመስከረም እስከ ነሐሴ በየወሩ አስነሥታ የገባበትን ተከትላ ተርጉማለች። ነሐሴ ላይ ስትደርስ ዓመቱ አለቀ ብላ ተነሣች። ብዙ ዓመት በወር ደመወዝ የኖረች ሴት ናት። ጳጉሜ ላይ ደመወዝ የለም፤ የቤት ኪራይም አይጠየቅም። ቀኖቹ ከቁጥር ውጭ ሆነውባታል። ሰናይት ያጣቻት ድምፅ ያልተተረጎመ በር ውስጥ ገብታ ወድቃ ነበር።

“ደመወዝ የሌላት ወር ተበቀለችኝ” አለች ትርንጎ።

የኔታ ከመደባቸው ቀና አሉ። “ሩፋኤልን ሳታከብሪ ነው ለካ ያደግሽው? ፈረንጅ ጳጉሜን ቢስት አይፈረድበትም፤ አያውቃትማ። አንቺ ግን የላስታ ልጅ ነሽ።”

ሰናይት ቀኑን መስከረም አንድ ብንለውስ አለች። ትርንጎ የማሽኑን ቀን ለወጠችው። ወዲያው ድምፂቱ በጠራ ቃል፣ ዛሬ መስከረም አንድ ነው አለች። ውጭ ክረምቱ ይጮኻል፤ ጉሙ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ አደይ ገና አልፈካም። በዚያ ቤት ውስጥ ብቻ ዓመቱ ተለወጠ። እኔ ደስ አለኝ። ነገ በዚህ ይለፍ፣ ከዚያ የሚቀሩት ጥቂት ቀናት ናቸው፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ማን ያውቃል አልሁ በልቤ።

ትርንጎ ቀኑን መለሰችው። ድምፂቱ ጠፋች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ስንወርድ ለመንኋት። ሰው መለመን አልወድም፤ ለመንኋት ግን። ጳጉሜን አሁኑኑ ጨምሪያት፣ አለዚያም ቀኑን ለውጪውና ለመምህሩ ምንም አትንገሪው አልሁ። ልጄን ከደሴ ወዲያ ይልክብኛል።

ቆመች። ሳሏ እስኪያልፍ ጠበቀች።

“ጳጉሜን መጨመር ቀላል ነው” አለችኝ። “አንዱን በር ስቻለሁ፤ ሌላ የሳትሁት እንደሌለ በምን አውቃለሁ? ጥር ላይ በፈተና መሐል ብትወድቅባት፣ ልጅሽ ማሽኑን አይደለም የምታማው። ራሷን ነው።”

መሄድ ጀመርን።

መምህር ደጀኔ አንድ ክፍል ከፍቶ ጠበቀን። ገና ሳይቀመጥ ነገረችው። ጳጉሜን እንደዘለለች ነገረችው፤ ሌላ ያላየችው ቦታ ሊኖር እንደሚችል ነገረችው። እሱም ሰማት፤ መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ።

“ታዲያ አልቋል ማለት አልችልም?”

“አይችሉም፣ መምህር። እኔም አልልም።”

“ለወረዳው ምን ብዬ ልጻፍ? በክፍሉ ስድሳ ልጅ አለ። ማሽኑ ሲቆም እኔ ነኝ ተጠያቂ ሆኜ የምቆመው።” ወደ እኔ ዞረ። “እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ሰናይት አጠገቤ ነበረች። እጇ በረደብኝ። አላለቀሰችም። እኔም እመቤቴን በልቤ ጠራኋት፤ ሌላ የማደርገው አልነበረም።

ትርንጎ ግን ጫማዋን አወለቀች። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ባዶ እግሯን አደረገችና የራሷን ኮምፒውተር ከቦርሳዋ አወጣች። ሌሊት የጀመርሁት ሥራ አለ፣ እስከ ምሳ ይታገሡኝ አለችው። መምህር ደጀኔ እግሯን አየ፤ ዝናቡን አየ፤ አንድ የተማሪ ደብተር ከመደርደሪያ አንሥቶ እግሯ ሥር አነጠፈላት። ከዚያም በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

የሠራችውን እንደነገረችኝ ልናገር። ተቀምጣ የተረጎመችውን አልነካችም። ዋናውን ዱቄት ግን ሳትጥል ከትርጉሙ ጎን አስቀመጠችው። ፕሮግራሙ ያልተተረጎመ ቦታ ላይ ሲደርስ እንዳይወድቅ፣ ወደ ዋናው ተመልሶ ያቺን ቦታ ብቻ እንደ አስጎብኚው አንድ በአንድ እየተረጎመ እንዲያልፍ አደረገች። ካለፈ በኋላም ያገኘውን በር ያስታውሰዋል። ሐሳቡ በፍልሰታ ዋሻው ውስጥ ከቆመችበት ቀን ጀምሮ አላስተኛትም ነበር አለችኝ፤ ግን ሥራው አለቀ ብላ ትታው ነበር። ጳጉሜን ሆን ብላ አልተረጎመቻትም። ድምፂቱ ራሷ ታግኛት አለች።

ዝናቡ ቆሞ ከጣሪያው ይንጠባጠብ ነበር። ትርንጎ ትንሿን ኮምፒውተር ለመምህር ደጀኔ ገፋችለት። እርስዎ ይክፈቱት አለችው። ከፈተው።

ዝም አለ።

እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ጠብታ ብቻ ይሰማል። መምህር ደጀኔ እጁን ሊያነሣ ሲል ሰናይት፣ ቆይ አለችው። “እያሰበች ነው።”

ከዚያ ድምፂቱ መጣች። ከሩቅ፣ በጨለማ ግድግዳ እየዳሰሰች እንደምትመጣ ሰው። “ዛ...ሬ...” አለች። ቆየች። “ጳ...ጉ...ሜ...” ቆየች። “ሁ...ለት... ነው።” ከዚያ በኋላ ቀጥ ብላ፣ ምሳ እንደበላች ሴት፣ መምህሩ ያስቀመጠላትን የታሪክ ገጽ ማንበብ ጀመረች።

መምህር ደጀኔ ገጹ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰም። ዘግቶ ከፈተው። በሁለተኛው ጳጉሜን ሳትንተባተብ አለፈች።

“እኔም ክፍል ውስጥ የማላውቀው ሲመጣብኝ እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ” አለ። ቀና ብሎም ትርንጎን፣ “አሁንስ አልቋል ልበል?” አላት።

“አላለቀም ይበሉ፣ መምህር። አይወድቅም ይበሉ።”

እስክሪብቶውን አወጣ። የሰናይትን ስም ከነአባቷ ከነአያቷ ጠይቆን በራሱ እጅ ጻፈ። ሰናይት ዘጠነኛ ክፍል ገባች። አሁን አሥረኛ ናት፤ ማሽኗ በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ትዘገያለች፤ ታልፋለች።

ያን ቀን ዳገቱን ስንወጣ ትርንጎን ምን እንደምላት አላወቅሁም። ደጃፏ ላይ ስንደርስ እጇን ልስም ጎንበስ አልሁ። ነጥቃ ወሰደችው፤ ገብተሽ እህል ቅመሺ አለችኝ። አልገባሁም። አጥሩ አጠገብ የኔታ ለብቻቸው ቆመው አገኘኋቸውና የክርስትና ስሟን ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ።

በማግስቱ ሩፋኤል ነበር። ገና ጎሕ ሳይቀድ ዝናቡ ጀመረ። ሰናይትን ቀሰቀስኋትና ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወጥተን ከሰማይ በሚወርደው ተጠመቅን። ልጆች ይጮኻሉ። ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው እያንዳንዷ የቤቷን ሰው በስሙ ትጠራለች፤ የታመመውን፣ መንገድ የሄደውን። እኔ ሁልጊዜ በሰናይት ነው የምጀምር። የዚያን ጠዋት ግን ነጠላዬ ረጥቦ ሰውነቴ ላይ ተጣብቆ፣ ውሃው አፌ ውስጥ እየገባ፣ ከሰናይት አስቀድሜ ወለተ ሥላሴን አልሁ። ከዚያ ልጄን ጠራሁ።